የፍቅር ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ፍቅሩን ከየት ያመጣዋል? (33 መልስ)

ይህን ጥያቄ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ቢጠምም ቢቀናም ተጠያቂዋ እኔው ነኝ ማለት ነው። ለማታውቁኝ፣ የፍቅር ልብወለድ ነው የምጽፈው። ሁለት መጽሐፍ ወጥቶልኛል። ሦስተኛው 14ኛው ምዕራፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሏል። በቅርቡ አንድ የንባብ ዝግጅት ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና ስንቴ አፍቅሬ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ ተከትሎኝ ገባ። እውነቱን ለመናገር 11 ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ነው የኖርኩት። ድራማ የለንም። ትልቁ ጠባችን ቻርጀሬን ማን ነቀለው የሚል ነው።

እናም መድረኩ ላይ ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ለቀቅሁ። የፍቅር ታሪክ ለመጻፍ የግድ ራስ መቃጠል አለበት ወይ? ከራስ ሕይወት ካልተቀዳ ከየት ይቀዳል? የሌላ ሰው ሕይወትስ ሳይጠየቅ ይቀዳል ወይ? ሦስቱን አንድ ላይ መልቀቅ ስህተት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ሰው የሚያናድደውን መርጦ ነው የሚመልሰው። በአራት ቀን 33 መልስ ገባ። አንዳንዱ አንድ ክንድ ይረዝማል፣ አንዱን ደግሞ አወያዩ አጥፍቶታል። ስለዚህ በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። መልካም ተመኝቶ ነው የገባው። ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚለውን ተረት አንስቶ፣ ያላፈቀረ ሰው ስለ ፍቅር ሲጽፍ ከሌላ መጽሐፍ የገለበጠ እንደሚመስልበት ተናገረ። ልቡ ተሰብሮ የማያውቅ ደራሲ መለያየት ላይ ሲደርስ ዝናብ ያዘንባል ሲልም ጨመረ። ይቺ ነካችኝ። ሁለተኛው መጽሐፌ ላይ ሁለቴ ዘንቧል።

2ኛው ወንድ መስዬው ከላይ እስከ ታች “አንተ” እያለ ነው የጻፈልኝ። የመድረክ ስሜ አያስታውቅም። አላረምኩትም። ራሴን እንዳላስጨንቅ መከረኝና እንግሊዛዊቷን ደራሲ ጄን ኦስተንን አመጣ። ዕድሜዋን ሙሉ አላገባችም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1802 አንድ የሀብታም ቤት ወራሽ ለጋብቻ ጠይቋት ማታ እሺ አለች፣ በማግስቱ ጠዋት ቃሏን መልሳ ወሰደች። ሰው ሁሉ እስካሁን የሚያነባቸውን የፍቅር ታሪኮች የጻፈችው ይህችው ሴት ናት። የ2ኛው ሐሳብ ልምድ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል ነው።

3ኛዋ በትሕትና አረመችው። አለማግባት ሌላ፣ አለማፍቀር ሌላ። ደግሞስ ማታ እሺ፣ ጠዋት እምቢ ማለት ልምድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በመሃል ያለችውን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ለስድስት መጽሐፍ የሚሆን ስንቅ ይዟል ባይ ናት። ከዚያ ስለ በሩ ነገረችን። የኦስተን የወንድሟ ልጅ ስለ አክስቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ሲከፈት ሲጥ የሚል በር ነበር። እንዲጠገን አልፈለገችም። ሰው ሲመጣ በሩ ቀድሞ ይነግራታላ! ትናንሾቹን ወረቀቶቿን ትሸፍናለች። እኔም የምጽፈው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሁልጊዜ የምከፍተው አንድ የሂሳብ ሰንጠረዥ አለ። የእግር ኮቴ ስሰማ ቶሎ ወደ እሱ እቀይራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው ሰንጠረዥ፣ ያው ቁጥር። ባለቤቴ ምን ዓይነት ሂሳብ ቢሆን ነው የማያልቀው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ይመቸው።

4ኛው የ1ኛውን ተረት ገለበጠው። ያላየውን አገር ሲናፍቅ ያደገ ሰው ነው። በ13 ዓመቱ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ ደብቆ የፍቅር ልብወለድ ያነብ ነበር። የመጀመሪያው ናፍቆት ከወረቀት ነው የመጣበት። እውነተኛው ፍቅር ስንት ዓመት ዘግይቶ መጣ፣ እንደመጣም ከተነገረው አጠር ያለ ሆኖ አገኘው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን እኔ ከሁሉ እሱን ነው ያመንኩት። ብዙዎቻችን ማፍቀርን የተማርነው ከማፍቀራችን በፊት ነው።

5ኛው ዝም ብሎ ተቀምጦ መጻፍ ነው የሚል አጭር ነገር ጥሎ ሄደ። ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው፣ ይገርማል። 6ኛው ይህን ሊያብራራ አሜሪካዊቷን የፍቅር ልብወለድ ደራሲ ኖራ ሮበርትስን ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከባድ በረዶ ጥሎ ከሁለት ትናንሽ ልጆቿ ጋር ቤት ተዘጋባት። ያኔ ነው ደብተር አውጥታ መጻፍ የጀመረችው። ረቂቋ ተደጋግሞ ከተመለሰባት በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1981 ወጣ። ዛሬ ከ200 በላይ መጻሕፍት አሏት። በየቀኑ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሰዓቷን ጠብቃ ትቀመጣለች።

7ኛዋ ይህ ታሪክ ራሱ እንደ ፍቅር ልብወለድ እየተነገረ ነው ብላ ተቆጣች። ሁለት ልጅ ቤት የተዘጋባት ሴት የሚያስፈልጋት ሁለት ሰዓት እንጂ መንፈስ አይደለም። እሷ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ታቆምና ወደ ቤት ሳትወጣ 20 ደቂቃ ትጽፋለች። በስልኳ፣ ክንዷን መሪው ላይ አስደግፋ። አንድ ጊዜ ጥሩንባውን ሳታስበው ተጭናው ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሏል። አንድ ሙሉ ረቂቅ እንደዚያ ነው ያለቀው። ልጆቿ እናታቸው መኪና ማቆም እንደማትችል ነው የሚያምኑት፣ ያን ያህል ጊዜ ስለሚፈጅባት።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። 8ኛው እንግሊዛዊቷን የፍቅር ልብወለድ ደራሲ ባርባራ ካርትላንድን አነሳ። ሶፋ ላይ ጋደም ብላ እየተናገረች ጸሐፊዋ ትገለብጥላት ነበር፣ እንዲያ እያለች ከ700 በላይ መጽሐፍ ትታ እ.ኤ.አ. በ2000 አረፈች። የሱ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ይሄ መጻፍ ነው መናገር? 9ኛው ግን ክብሪቱን ጫረው። 700 መጽሐፍ ሳይሆን አንድ መጽሐፍ 700 ጊዜ ባርኔጣ ቀይሮ የወጣ ነው አለ። በዚያው አያይዞም የፍቅር ልብወለድ የሚያነብ ሰው መጨረሻውን እያወቀ ገንዘቡን የሚጥል ነው ብሎ እኛንም አንባቢዎቻችንንም አንድ ላይ ጠቀለለን።

10ኛዋ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ እንደሚሰማ አስታወሰችው። የዚህ ዘርፍ አንባቢ ምን እንደሚሆን ሳይሆን እንዴት እንደሚሆን ነው የሚጠብቀው። የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ ሁለት መለኪያ እንዳለውም ነገረችን። ታሪኩ መሃሉ ላይ ፍቅር መኖር አለበት፣ መጨረሻው ደግሞ ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። በቃ።

11ኛው ይህን ሲያነብ ዘሎ ገባ። በዚህ መለኪያማ “ፍቅር እስከ መቃብር” የፍቅር ልብወለድ አይደለም ማለት ነዋ! ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ይናገራል። ከዚህ በኋላ የኔን ጥያቄ ያስታወሰ አልነበረም። 12ኛው የውጭ ማኅበር ለኛ መጽሐፍ ምን አግብቶት አለ፣ ቃል በቃል ባይሆንም ከዚህ በባሰ ቃል። 13ኛው ሊያበርድ ሞከረ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ብዙ ዓመት በዲፕሎማትነት የሠሩ ሰው ነበሩ፣ የልብወለድ ዘርፍ ቆጥረው አልተነሱም። ፍቅሩ መንገድ ነው፣ መድረሻው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው የሚል ነው ሐሳቡ። 14ኛዋ ስለ ዘርፉ ምንም አላለችም። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማችበትን ጊዜ ብቻ ጻፈች። እናቷ ትረካው ሲጀምር ሥራዋን አስቀምጣ ትቀመጥ ነበር፣ ማንም እንዲያወራ አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ባነበበች ቁጥር ገጸ ባሕርያቱ በሱ ድምፅ ነው የሚናገሩት። ለጥቂት ሰዓት ሁሉም ዝም አለ። እኔ በበኩሌ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ግድ የለኝም፣ ግን በደስታ የሚያልቅ ፍቅር መጻፍ ይቀላል የሚል ሰው አንድ ይሞክርና እንየው።

15ኛዋ ነርስ ናት። የሌሊት ተራዋ ላይ በእረፍቷ ትጽፋለች። የነገረችን ይህን ነው። አንዲት አሮጊት ተኝተው ይታከማሉ፣ ባለቤታቸው በየማታው ይመጣሉ። የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ሽማግሌው ደህና እደሩ ብለው ይወጣሉ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መነጽሬን ረስቼ ብለው ይመለሳሉ። መነጽሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚረሳው፣ ከአልጋው ራስጌ ካለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ከውሃው ብርጭቆ ጀርባ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ መነጽሩን አይታ ላቀብላቸው ብላ አነሳችው። አሮጊቷ በዓይናቸው ተዪው አሏት። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ያንን መነጽር አላይም ይል ጀመር። 15ኛዋ ይህን ሦስተኛ ምዕራፏ ላይ አስገብታዋለች።

16ኛው እንባው መጣ፣ ወይም እንደዚያ አለ። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ብዙ ልብወለድ ተወልዷል ብሎ እንግሊዛዊቷን የፍቅር ልብወለድ ደራሲ ጆርጄት ሄየርን አነሳ። የመጀመሪያ ታሪኳን የፈጠረችው የታመመ ወንድሟን ለማጫወት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲታተም ገና 19 ዓመቷ ነው። ደስ የሚል መልስ ነበር።

17ኛው ግን አልተደሰተም። የታመሙ ሰዎች ጠያቂና ሐኪም እንጂ ደራሲ አልጠሩም አለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ለሚስታቸው ነው የረሱት፣ ለምዕራፍ ሦስት አይደለም። ጠንካራ ንግግር ነው፣ ግን ስድብ አልነበረበትም። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። 18ኛዋ በነርሷ በኩል ቆማ እንግሊዛዊቷን ደራሲ ሻርሎት ብሮንቴን አመጣች። ብራስልስ ያስተማራትን ባለትዳር መምህር አፍቅራ የጻፈችለትን ደብዳቤ ባትቀዳ ኖሮ “ጄን ኤር” የሚባለው ልብወለዷ ባልኖረ ነበር የሚል ነው ክርክሯ።

19ኛውን ዓይነት ሰው በየመድረኩ አንድ አይጠፋም። መጀመሪያ አረማት፦ ብራስልስ በግልጽ ያለው “ጄን ኤር” ላይ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1853 በወጣው “ቪሌት” ላይ ነው። ቀጥሎ ስለ ደብዳቤዎቹ የማናውቀውን ነገረን። መምህሩ ቀዳዷቸዋል። ሚስትየዋ ናት ቁርጥራጩን ለቅማ መልሳ የሰፋቻቸው፣ በመርፌና በክር። ደብዳቤዎቹ በ1913 ጋዜጣ ላይ ወጡ፣ አሁን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። የ19ኛው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ ልብወለድ የሚጻፍለት ማን ነው፣ ደብዳቤውን የጻፈችው ወይስ ተቀምጣ የሰፋችው? የቀደደው ሰው እኮ የማንም ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል። በክር የምትሰፋዋ ሴት ግን ስትሰፋ ምን ታስብ ነበር? በውነት ከ33ቱ መልስ ይህን ያህል ያስቀናኝ የለም። ጽፌው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

20ኛውና 21ኛዋ ፈቃድ መጠየቅ አለበት የለበትም ተባባሉ። 22ኛውን አወያዩ ያጠፋው ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ባላየው ይሻለኝ ነበር። 23ኛዋ እኔ ነኝ። ነርሷ ብቻዋን ስትመታ ዝም ማለት አልቻልኩምና የራሴን ጉድ አወጣሁ። የመጀመሪያ መጽሐፌ ላይ ዋናዋ ሴት ልትዋሽ ስትል የቀለበት ጣቷን ታሻሻለች። ጣቱም ማሻሸቱም የጓደኛዬ ነው። ታሪኩ ፈጠራ፣ ስሙ ፈጠራ፣ ከተማው ፈጠራ፣ ጣቱ ብቻ እውነት። መጽሐፉ ወጣ፣ ባሏ አነበበ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ስትቀመጥ እጇን እንደሚያይ እሷው ነገረችኝ፣ ነግራኝም ስምንት ወር አላናገረችኝም። አሁን ታርቀናል። ከእኔ ጋር ስታወራ ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ነው የምታደርገው። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ድርጊቱን ወስዶ ባለቤቱን መሸኘት ነው። የወንዱን ለሴት፣ የሽማግሌውን ለልጅ፣ መነጽሩን ለጃንጥላ። ይበቃል ወይ ካላችሁኝ፣ ለ17ኛው አይበቃውም።

24ኛዋ ስትገባ ነው ክሩ የተቀየረው። የትርጉም ሥራ የምታርም አርታኢ ናት። ሁሉም ሰው ምንጩን ሩቅ አገር እየፈለገ አፉ ውስጥ ያለውን ረሳው አለች። አማርኛ ራሱ የፍቅር ልብወለድ ነው። ሁለት ሰዎች “እርስዎ” እየተባባሉ ይተዋወቃሉ። ሰላምታው ክብር ነው፣ ርቀቱ የተለካ ነው። አንድ ቀን በምትረባ ጉዳይ መሃል “ይቀመጡ” ማለት ሲገባው “ተቀመጪ” ይላል። ማንም ማንንም አልሳመም፣ እጅም አልተነካካም። ሁሉ ነገር ግን ሆኗል። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፣ ስለዚህ ተርጓሚው የትኛው ገጽ ላይ እንደሚሻገሩ ራሱ መወሰን አለበት። እሷና አንድ ተርጓሚ በዚህ ጉዳይ አንድ ወር ተከራክረዋል። እሱ ከመሳሳሙ በኋላ ይሁን ይላል፣ እሷ በፊት።

25ኛው በፊት ነው እንጂ ምን ጥያቄ አለው አለ። 26ኛዋ በኋላ፣ ምክንያቱም አፍ ከገላ ይልቅ ያፍራል። 27ኛው ሁለቱንም አልተቀበለም። አንደኛው ብቻ ይሻገር፣ ሌላዋ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ “እርስዎ” ላይ ትቆይ ይላል። እሱ “አንቺ” እያለ፣ እሷ “እርስዎ” እያለች። አንባቢ ሌላ ነገር አይጠብቅም፣ ያቺን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። 28ኛዋ ደግሞ ከተጣሉ በኋላ ወደ “እርስዎ” መመለስን አነሳች። ባልና ሚስት አንድ ጠዋት “ቁርስዎን ይብሉ” ከተባባሉ፣ ጩኸትም ሰሐን መሰበርም አያስፈልግም። የ1ኛው ዝናብም አያስፈልግም፣ ብዬ እኔ ጨምሬበታለሁ።

በዚህ መሃል 29ኛው ሆኖ 2ኛው ተመለሰ። ሴት መሆኔን ከ23ኛው መልሴ ነው ያወቀው። በጣም ይቅርታ ጠየቀ፣ አሁን “እርስዎ” ብሎኝ። ማለትም ወንድሙ ስሆን “አንተ”፣ ሴት ስሆን እንግዳ ሆንኩ። 30ኛዋ አላለፈችውም። ሰው የሚወዳትን ሴት ልጅ በፍቅር “አንተ” ይል የለ ወይ፣ ምናልባት 2ኛው ሳያውቀው ጀምሮ ይሆናል ብላ ቀለደች። ምስኪኑ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

31ኛዋ ነርሷ ናት። ተናዳ ትመጣለች ብዬ ነበር፣ አልተናደደችም። ለ17ኛው በአጭሩ መልስ ሰጠች። ምዕራፉን ሰርዛዋለች፣ ግን በሱ ቁጣ አይደለም። አሮጊቷ ድነው ወጥተዋል። በወጡበት ዕለት ሽማግሌው መነጽራቸውን እውነት ረስተውት ሄዱ፣ እሷም ሮጣ አሳንሰሩ በር ላይ ሰጠቻቸው። ሲቀበሏት ፊታቸው ላይ ያየችው ነገር ከጻፈችው ጋር አይመሳሰልም። ምን እንዳየች አልነገረችንም። 17ኛው ላይክ አደረገላት።

32ኛው 1ኛው ነው፣ አሁንም ያላዩት አገር አይናፍቅም ባይ ነው። 33ኛው መጨረሻ ላይ ገብቶ ነጠላ ሰረዝ የት የት እንደሚገባ ማብራሪያ ይጠይቃል። መልስ ያለው ይመልስለት።

እኔ ወደ 14ኛው ምዕራፍ አልሄድኩም። ወደ ገጽ አንድ ተመለስኩ። የኔ ሁለት ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው “አንተ” “አንቺ” የሚባባሉት፣ ዘመናዊ ናቸው ብዬ። በቃ የሚሻገሩት ድልድይ ሳይኖር ነው 13 ምዕራፍ ያስኬድኳቸው። ሁሉንም ወደ “እርስዎ” መቀየር ጀመርኩ። ፈልጎ መተካት የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። ክብሩ ያለው ግሱ ውስጥ ነዋ፤ “ሂድ” “ይሂዱ” ይሆናል፣ “አይተሃል” “አይተዋል”፣ አንድ በአንድ በእጅ ነው። ሰንጠረዡን ከፍቼ፣ ኮቴ እየሰማሁ፣ አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ገጽ 61 ላይ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ሳነብ ገጽ 58 ላይ አንድ ያመለጠኝ አገኘሁ። ሰውየው ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነው፣ እጁ በሩ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፣ “ደህና ያምሹ” ብሏታል፣ እሷም “እግዜር ይስጥልኝ” ብላዋለች። ከዚያ አንዲት ቃል ቀርታለች። “ቆይ” ትለዋለች።

አላረምኩትም።